ከመቶ በኋላ

ረቡዕ ነው እኮ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው፣ አክስቴ ወደ ደሴቷ የምትሻገረው ሐሙስ ሐሙስ ነው፣ ዝናብ ቢጥል ሐሙስ፣ ጦርነት ቢነሳ ሐሙስ፣ ታዲያ ለምንድን ነው ቦቲ ጫማው ከበሩ ሥር የሌለው፣ ቅርጫቱስ ለምን ከምስማሩ ወረደ። ሄስተር ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ባዶውን ምስማር ታያለች። ጠረጴዛው ላይ ሳንድዊቻቸው በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል፣ ታናሽ ወንድሟ ኪት ከራሱ ድርሻ አልፎ የእሷን ጀምሯል፣ ነገ ስድስት ዓመት ይሞላዋል፣ እግሩ ገና መሬት አይነካም። አክስቴ የት ሄደች፣ ትለዋለች። ምስጢር ነው፣ ይላል አፉን እንደሞላ። ኪት፣ የት ሄደች። ለኬኬ እንቁላል ልታመጣ፣ ከሚስስ ኩዌል ዘንድ፣ ባሕሩ እንደሸሸ በጠዋት ነው የሄደችው፣ ለሄስተርና ለጄራልድ እንዳትነግር ብላኛለች፣ እኔ ግን ይኸው ነገርኩሽ።

ሚስስ ኩዌል ደሴቷ ላይ ናቸው። ደሴቷ ከአሸዋው ማዶ ናት። አሸዋው ላይ ደግሞ ችካል የለም።

ችካል የለም፣ ምክንያቱም ነቅለናቸዋል፣ ዛሬ ጠዋት፣ እየተሳሳቅን፣ እንደ ካሮት። ባሕሩ ሲሸሽ ከመንደሩ እስከ ደሴቷ መንገድ ይከፈታል፣ ግን አሸዋ ሁሉ አንድ አይደለም፣ አንዱ ጋሪ ይሸከማል፣ ሌላው ጋሪውን ከነፈረሱ ይውጣል፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚናገሩት ሬንጅ የተቀቡት ችካሎች ብቻ ናቸው፣ አያት በተከለበት አባት፣ አባት በተከለበት ልጅ እየተካ የቆሙ። እኛ ግን የጫማ ዱካ አየን። ከድንኳናችን ወጥተን አዲስ ዱካ፣ ከመንደሩ ወደ ደሴቷ የሚሄድ፣ ጄራልድም ተንበርክኮ በእጁ ለካው፣ የሌላ አጎቷ ልጅ ጄራልድ፣ በየዕረፍቱ ማንም ሳይመርጠው ካፒቴን የሚሆነው ጄራልድ፣ ወንድ ነው አለ፣ ግዙፍ ሰው ነው አለ፣ ተረከዙ ላይ ምልክት አለው፣ ጓዶች፣ ይህ የሰላይ ዱካ ነው።

ተረከዙ ላይ ምልክት አለው። የብስክሌት ጎማ ቁራጭ፣ አጎቴ ከመሞቱ በፊት በገዛ እጁ የለጠፈው፣ አክስቴ የባሏን ቦቲ ነው የምታደርገው፣ በካልሲ ሞልታ፣ ይህን እኔ አውቃለሁ፣ በየቀኑ ከበሩ ሥር አየዋለሁ፣ ዱካውን ሳይ የሆነ ነገር ትዝ ሊለኝ ነበር፣ ምን ነበር፣ ለምን ዝም አልሽ፣ ሰላይ እንዲሆን ስለፈለግሽ አይደል፣ ሙሉ የዕረፍት ጊዜ ሰላይ ስትጠብቂ ከርመሽ።

መንግሥት የአገሩን የመንገድ ምልክት ሁሉ ለምን አስነቀለ፣ አለ ጄራልድ ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ ጠላት መንገድ እንዲጠፋው አይደለምን፣ እኛስ ለዚህ ሰላይ የመመለሻ መንገድ ተክለንለት እንቀመጣለን ወይ። አንቀመጥም አለች። እሷ ናት ያለችው፣ ጮክ ብላ። ከዚያ ማሉ፣ በአክስቴ የደረት መርፌ አውራ ጣታቸውን ወግተው፣ ይህን ነገር ለአዋቂ ያወጣ ምላሱ ይድረቅ፣ ለዘለዓለምም ከጓዶቹ ይለይ። ጥቂቶቹን ችካሎች ሰባብረው ቋሊማ ጠበሱባቸው፣ ሬንጅ ያለበት እንጨት አነዳዱ ሲያምር፣ ያ ቋሊማ ግማሹ ዳቦ ቢሆንም እንደዚያ ጣፍጧት አያውቅም። ሹራቧን ታሸታለች፣ ሬንጅ ሬንጅ ይላል።

ኪትን እጁን ይዛ ትሮጣለች። ምንድን ነው፣ ጨዋታ ነው እንዴ፣ ይላል። አዎ ጨዋታ ነው፣ ሩጥ።

ጉም። ከየት መጣ ይሄ፣ አሁን ፀሐይ ነበር፣ እቤት ስንገባ ደሴቷ ከነጭስ ማውጫዋ ትታይ ነበር፣ አሁን ደሴትም የለ፣ አሸዋም የለ፣ ጀልባ ማሳረፊያው ጋ ሲደርሱ ዓለም እዚያው ላይ ያበቃል። ባሕሩ ደግሞ መመለስ ጀምሯል፣ አይታይም፣ ይሰማል፣ ሽሽሽ የሚል ድምፅ፣ አክስቴ ራሷ ናት የነገረቻት፣ ባሕር ከፊት አይመጣም የኔ ልጅ፣ በጎን በኩል በየቦዩ ገብቶ ከኋላ ነው የሚይዝሽ፣ ገና ነው ስትዪ አልፎሻል። ለምን ይህን ሁሉ ነገረችኝ፣ ለምን አልሰማሁም፣ ሳንድዊቹን እያየሁ ነበር።

የማነባቸው መጽሐፎች ውስጥ እንዲህ አይደለም። መጽሐፎቹ ውስጥ ልጆቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ ዋሻ ያገኛሉ፣ ሌባ ይይዛሉ፣ ትልልቅ ሰዎች ምሳ ጠቅልለው ከበር ላይ እጃቸውን ያወዛውዙና እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ይጠፋሉ፣ የት እንደሚውሉ ማንም አይጠይቅም፣ እንቁላል ፍለጋ አይሄዱም፣ አሸዋ ላይ ብቻቸውን አይቆሙም። አክስቴ ግን ምዕራፉ መሃል ገብታለች፣ በሞተ ሰው ጫማ።

ጄራልድ ማሳረፊያው ላይ ተቀምጦ ቢላዋ ይስላል። ሰላዩ ተያዘ፣ ይላል፣ ከዚህ ጉም አይወጣም። አክስቴ ናት፣ ትለዋለች። ምኗ ናት። ዱካው፣ የአጎቴ ቦቲ፣ አክስቴ ናት ጄራልድ። ሐሙስ ነው እኮ የምትሄደው። ዛሬ ሄዳለች። ኪትን ያያል፣ ኪት ራሱን ይነቀንቃል፣ ለኬኬ ነው፣ ይላል። ቢላዋው ከጄራልድ እጅ አይወድቅም፣ ግን እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያየዋል። መንገዱን ታውቀዋለች፣ ይላል፣ ዓይኗን ጨፍና ትሄደዋለች፣ አይዞሽ፣ ለማንም አንናገርም፣ ምለሻል። አስራ አራት ዓመቱ ነው። እስከ ዛሬ ትልቅ ሰው ይመስላት ነበር።

አክስቴ! አክስቴ! ድምፅዋ ከአፏ ወጥቶ እዚያው ይሞታል፣ ጉሙ እንደ ጥጥ ነው፣ ኪት የቋሊማውን መጥበሻ በድንጋይ ይቀጠቅጣል፣ ደስ ብሎታል፣ ጨዋታ ነዋ። ዝም በሉ! ሁሉም ዝም። እና ከሩቅ፣ ከግራ በኩል፣ ከግራ በኩል መምጣት የለበትም፣ በግራ በኩል ጋሪ የሚውጠው አሸዋ ነው፣ የሴት ድምፅ፣ የደከመ፣ ግን ያው ቁጡ ድምፅ፣ ማነው እዚያ፣ ኧረ ችካሉ የት ገባ፣ ችካሉን አጣሁት እኮ። አክስቴ በቀኝ! በቀኝ ነይ! የቱ ቀኝ፣ የእሷ ቀኝ ነው የእኔ፣ ድምፁ ይርቃል፣ ወይም ጉሙ ያርቀዋል፣ ከዚያ የለም።

የፈሩት ይደርሳል። ፈርታለች፣ እንዲህ ፈርታ አታውቅም፣ ፍርሃት የሚባለውን ነገር እስከ ዛሬ ሲነግሯት የኖሩት ሌላ ነገር ነው፣ በጨለማ ደረጃ መውጣት፣ ላም መንጋ መሃል ማለፍ፣ ይሄ ያ አይደለም። ሞተች ማለት ነው፣ አልሞተችም፣ ገና ነች፣ አስቢ አንቺ ደንቆሮ። ድምፅ። ትልቅ ድምፅ፣ አንድ ቦታ የቆመ። ደወል። ድሮ በጉም ቀን የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ይደውሉ ነበር፣ ዛጎል ለቃሚዎቹ እየሰሙ ይመጡ ነበር፣ አሁን ግን ደወሉ ዝም ከተባለ ዓመት አልፎታል፣ በአገሩ ሁሉ ዝም ተብሏል፣ ለሰርግም ለእሑድም አይደወልም፣ የሚደወለው ጀርመን ለወረራ ሲመጣ ብቻ ነው።

ዳገቱን ትወጣለች፣ ኪት ከኋላ፣ ጄራልድ ከኪት ኋላ፣ ሄስተር፣ ሄስተር ምን ልትዪ ነው።

ሚስተር ትራንተር ከደወሉ ማማ በር ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ መቃብር ቆፋሪውም ደዋዩም እሳቸው ናቸው፣ አሁን ደግሞ የመንደሩ ዘብ፣ ጠመንጃ ይመጣልዎታል ተብለው ስላልመጣ መንሽ ይዘዋል። ደወሉን ይደውሉልኝ፣ ትላቸዋለች፣ ትንፋሽ የላትም። ምን አልሽ። ደወሉን። ጀርመን አየሽ እንዴ፣ ይላሉ ፈገግ ብለው፣ ያላየሽ እንደሆነ ሂጂ ተጫወቺ፣ ይሄን ገመድ አንዴ ብስበው የዳርቻው ደወል ሁሉ ይቀበለኛል፣ ወታደሩ ይነሳል፣ ጠላት እንዳያልፍ ድልድዩ ይፈርሳል፣ እኔ ደግሞ ወህኒ እወርዳለሁ። ጀርመን አየሽ ወይ።

አዎ በይ። አየሁ በይ፣ አሸዋው ላይ፣ በፓራሹት ሲወርዱ፣ አንድ ቃል ናት፣ አዎ፣ ደወሉ ይደወላል፣ አክስቴ ትሰማለች፣ መሐላውም አይፈርስም፣ ማንም ስለ ችካሉ አያውቅም፣ ጄራልድ ከኋላዋ ቆሞ ይህንኑ እያሰበ ነው፣ አዎ በይ፣ ትንፋሹን ትሰማዋለች። አፏን ትከፍታለች። ከዚያ በዓይነ ሕሊናዋ ታያቸዋለች፣ ወታደሮቹን፣ ዳርቻው ላይ በሆዳቸው ተኝተው፣ ጣታቸው ቃታው ላይ፣ ከጉሙ ውስጥ የወንድ ቦቲ ያደረገ ጥላ ወደ እነሱ ሲመጣ፣ ቅርጫት ይዞ።

አላየሁም። ችካሎቹን ነቅለናል። አክስቴ አሸዋው ላይ ናት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ምላሷ አልደረቀም፣ ያው ምላስ ነው። ሽማግሌው አይጮኹም፣ ቢጮኹ ይሻል ነበር፣ ፊታቸው ብቻ ቀስ እያለ ይለወጣል። ችካሎቹን፣ ይላሉ፣ አባቴና እኔ የተከልናቸውን። አዎ። አክስትሽ ሙርየል ናት አሸዋው ላይ ያለችው። አዎ። ባሕሩ ተነስቷል። አዎ ሚስተር ትራንተር፣ አዎ፣ ድምፅዋን ሰምተናል፣ በግራ በኩል ናት። መንሹን ግድግዳው ላይ ያስደግፉታል፣ በሩን ይከፍታሉ፣ ገመዱ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ታስሯል፣ በእርጅና እጃቸው ይፈቱታል፣ እየፈቱ ለራሳቸው ያወራሉ። ቶሎ ቶሎ ከተደወለ ጀርመን ነው። ቀስ ተብሎ ከተደወለ ሞት ነው። ለሞተ ሰው ጠመንጃ የሚያነሳ የለም።

ሞት።

የጦርነቱ ዋዜማ በጋ ነበር፣ አክስቴ ሊጥ እያሸች፣ ደወሉ ሲጀምር እጇ ሊጡ ውስጥ ቆመ፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ወንድ ነው አለች፣ ለሴት ሁለት ሁለት ሁለት ነው፣ ከዚያ ዕድሜውን ይደውላሉ፣ ቁጠሪ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ቆጠረች፣ ሰማንያ አንድ፣ ሽማግሌው ፓስክ ናቸዋ፣ አረፉ፣ ነፍስ ይማር፣ አለችና ማሸቷን ቀጠለች። አሸዋው ላይ ሆናም ትቆጥራለች፣ አክስቴ ደወል ሰምታ ሳትቆጥር አትቀርም።

ነይ፣ ይላሉ ሚስተር ትራንተር፣ እኔ ውሃው ዳር መሆን አለብኝ፣ አንቺ ነሽ የምትስቢው። እኔ? አንቺ። መጀመሪያ ሁለት ሁለት ሁለት፣ የሴት ነው ይበሉ፣ ከዚያ አንድ አንድ፣ በየመሃሉ አባታችን ሆይን እስከ መንግሥትህ ትምጣ ድረስ በይ፣ እንዳትፈጥኚ፣ ከፈጠንሽ ጀርመን አመጣሽ። የማንን ዕድሜ ልደውል ሚስተር ትራንተር። የማንንም፣ እስክመለስ አታቁሚ። ወደ ጄራልድ ይዞራሉ፣ ካፒቴን፣ ይላሉ፣ የቀሩትን ችካሎች ተሸከምና ተከተለኝ። ነገርሻቸው፣ ይላል ጄራልድ፣ ሮጦ ይወጣል።

ገመዱ ሻካራ ነው። ትስባለች፣ ምንም፣ ሁለተኛ በሙሉ ክብደቷ ትንጠለጠላለች፣ ከላይ የሆነ ነገር ይነቃል፣ ዶንንን፣ ድምፁ በእግሯ ሥር ይገባል። ሁለት። ሁለት። ሁለት። ሴት ሞተች አልኩ፣ ለመንደሩ ሁሉ ሴት ሞተች ብዬ ነገርኩ፣ እውነት ከሆነስ፣ እኔ ነኝ የደወልኩላት ማለት ነው፣ በሕይወቷ። አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር። ኪት ደረጃው ላይ ተቀምጧል፣ ማን ሞተ። ማንም፣ ቁጠር። እስከ መቶ እችላለሁ። ቁጠር። አንድ፣ ይላል ኪት በኩራት።

ስምህ ይቀደስ መንግሥትህ ትምጣ። ዶንንን። ከውጭ የበር ድምፅ፣ የሴት ድምፅ፣ ለማን ነው፣ ማን ሞቶ ነው። ሌላዋ፣ ዝም በይ እስቲ፣ እየቆጠርኩ ነው። አስራ ዘጠኝ፣ ይላል ኪት። ሃያን ሲያልፉ ከውጭ አንድ ሰው እግዜር ይመስገን ይላል፣ ሴት ልጁ የታመመችበት ሰው ይሆናል። እጇ ያቃጥላታል፣ መዳፏ ላይ የሆነ ነገር ተልጧል፣ አትቁሚ፣ በግራ በኩል ናት፣ ደወሉ በቀኝ ነው፣ ወደ ደወሉ ትዞራለች፣ ችካልን ያጣ ሰው ደወልን ይይዛል፣ አክስቴ፣ ይኸውልሽ፣ እዚህ ነው፣ እዚህ ነው።

አርባ ሰባት። አክስቴ ሃምሳ አራት ናት፣ ለፋሲካ ነው የሞላት፣ ማንም እንዳያስታውሰኝ ብላ ራሷ ለሁሉም ነገረች። አርባ ስምንት። ገመዱ ቢያመልጠኝስ። እጄ ላብ በላብ ነው፣ ሃምሳ አራት ላይ ቢያመልጠኝ አለቀ፣ ውጭ ያሉት ሁሉ ሙርየል ናት ይላሉ፣ ያሉት ይሆናል፣ ሞኝ ነሽ፣ ደወል ሰው አይገድልም፣ ችካል የነቀለ ነው የሚገድል። ሃምሳ አንድ። መንግሥትህ ትምጣ፣ አትምጣ፣ ዛሬ አትምጣ፣ ይቅር በለኝ። ሃምሳ ሦስት። ዶንንን። ሃምሳ አራት፣ ይላል ኪት፣ የማንም ዕድሜ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ውጭ ዝም ይላል፣ ያውቃሉ፣ እየጠበቁ ነው፣ ሳቢ፣ ጸሎቱ ጠፋት፣ በሰማያት ቀጥሎ ምንድን ነው፣ ሳቢ ብቻ፣ በጥርሷ ይዛው እንኳ ቢሆን ትስበዋለች። ሃምሳ አምስት። ከውጭ የብዙ ሰው ትንፋሽ ይወጣል። እሷ ታለቅሳለች፣ ንፍጧን የምትጠርግበት እጅ የላትም።

ስልሳ። ሰባ። አሁን ከየትኛውም ቁጥር ላይ ማቆም አትችልም፣ ያቆመችበት ሁሉ የአንድ ሰው ነው፣ ሰባ ሁለት ሚስተር ትራንተር ናቸው፣ እሳቸውም ውሃው ዳር ናቸው፣ ሳቢ። ዘጠና ሁለት ሚስስ ኩዌል። ዘጠና ሦስትን ሲያልፍ ከውጭ ሴትዮዋ፣ እንዴ፣ እንዲህ ያረጀ ሰው እኛ ጋ የለም፣ ትላለች፣ ማነው የሚደውለው፣ ሰክሯል እንዴ። የለም። አዎ የለም፣ ማንም የለም፣ እዚህ ቁጥር ላይ ማንም አይሞትም፣ እዚህ እንቆያለን።

መቶ፣ ይላል ኪት። ሄስተር፣ ከመቶ በኋላ ምን ይመጣል።

መቶ አንድ። ሰው መቶ አንድ ይሞላዋል? ቁጠር ኪት። ከዚያስ። መቶ ሁለት። ማለቂያ የለውም? የለውም፣ ትላለች፣ ማለቂያ የለውም፣ ቁጠር፣ እውነት እንዲሆን በሙሉ ክብደቷ ትስባለች፣ ዶንንን፣ ባሕሩ ችካሎቹ የነበሩበት ጋ ደርሷል፣ አልፎታል፣ ቋሊማ የጠበስንበት ጋ ደርሷል፣ አመዱን እያነሳ ነው፣ ማንም አይመለስም፣ ሚስተር ትራንተርም፣ ጄራልድም፣ እስክመለስ አታቁሚ ብለዋል፣ አርጅቼ ገመዱን ይዤ እቆማለሁ፣ መቶ አስራ ስድስት፣ መቶ አስራ ሰባት፣ የሚል የኪት ድምፅ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል።

ገመዱ አይወርድም። ትስባለች፣ አይወርድም፣ ሌላ እጅ ይዞታል፣ ከእጇ በላይ፣ ቀዝቃዛ፣ ጭቃ ያለበት፣ ጠባሳውን የምታውቀው እጅ። ማቱሳላ ነው እንዴ የሞተው፣ ይላል ድምፁ። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ውሃ ነው፣ አንዱ ቦቲ የለም፣ አሸዋው ወስዶታል። ከኋላዋ ሚስተር ትራንተርና ጄራልድ በሩ ላይ ቆመዋል። ደወሉ ሴት ናት ሲል ቆሜ ቆጠርኩ፣ ትላለች አክስቷ፣ ሃምሳ አራትን እስኪያልፍ ጨንቆኝ ነበር፣ ራሴው ሞቼ ይሆን ብዬ፣ ሲያልፍ ግን እንዲያውም ተናደድኩ፣ ማነው ይሄ መቁጠር የማያውቅ አልኩና፣ እሱን ልሰድብ ብዬ ነው የመጣሁት።

ሄስተር ገመዱን አትለቅም፣ ጣቶቿ አይከፈቱም፣ አክስቷ አንድ በአንድ ትከፍታቸዋለች፣ ከዚያ ወደ እርጥብ ደረቷ ታስጠጋታለች፣ ጸጉሯን ትስማለች፣ እዚያው ላይ ትቆማለች። ታሸታለች። ሹራቡን። ሬንጅ። ሄስተር የአክስቷ ትንፋሽ ሲቆም ይሰማታል፣ አሁን አወቀች፣ ሚስተር ትራንተር አልነገሯትም ማለት ነው፣ ወይ ነግረዋታል፣ ዝም ብል ዝም ትለኛለች፣ ለሁልጊዜ፣ ይሄንን ዝምታ በየጠዋቱ ከገንፎው ጋር እበላዋለሁ። እኔ ነኝ፣ ትላለች ወደ ደረቷ ውስጥ፣ አንቀመጥም ያልኩት እኔ ነኝ አክስቴ፣ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ዱካውን ልለየው ነበር፣ ሰላይ እንዲሆን ፈልጌ ነው።

የአክስቷ እጅ ከጀርባዋ ላይ አይነሳም። ኪት ከደረጃው፣ እንቁላሉስ፣ ይላል። ቅርጫቱን ያዢልኝ፣ ትላለች አክስቷ በመጨረሻ፣ ነገ ችካል ስትተክሉ ትውላላችሁ፣ ኬኩ ከዚያ በኋላ ነው። ሄስተር በተላጠ መዳፏ የቅርጫቱን ጆሮ ትይዛለች፣ አክስቷም ገና አልለቀቀችውም፣ ሁለቱም እንደያዙት እንቁላሎቹ እርስ በርሳቸው ይንቋቋሉ፣ ቀስ ብለው፣ ሳያቋርጡ፣ የእኔ እጅ ነው የሚንቀጠቀጠው፣ ትላለች በልቧ፣ እጇን ታያለች፣ የራሷ ቆሟል፣ የሚንቀጠቀጠው የአክስቷ ነው።